ፊደል የሌለው ጽሑፍ

እስካሁን የፊደል ንባብ ስንለማመድ ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ፊደል ስለሌለው ጽሑፍ እንነጋገር።

ፊደል የሌለው ጽሑፍ ምንድን ነው? ሥዕል ነው። ሐውልት ነው። በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ፖስተር ነው። ደብዳቤ የመጣለት ሰው ማንበብ ካልቻለ አንባቢ ፈልጎ ያስነብባል። ሥዕል ግን አስነባቢ አያስፈልገውም፤ በዓይን በኩል በቀጥታ ይገባል። ገዥዎችም፣ ገዥዎችን የሚቃወሙ ሰዎችም ሥዕልን አጥብቀው የሚፈልጉት ለዚህ ነው።

አንድ አዲስ ቃል እንማር። ፕሮ-ፓ-ጋን-ዳ። አሁን ባንድ ላይ አንብቡት፤ ፕሮፓጋንዳ። ሰዎች አንድን ሐሳብ እንዲቀበሉ ወይም አንድን ወገን እንዲደግፉ ታስቦበት የሚሰራጭ ወሬ፣ ጽሑፍ፣ ዘፈን ወይም ሥዕል ማለት ነው። ፕሮፓጋንዳ ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይደለም። «ልጆቻችሁን አስከትቡ» የሚለው ፖስተርም እኮ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ያለ መፈክርና ያለ ዘፈን አልተካሄደም።

ሥዕል እንዴት ይናገራል? የዓድዋን ጦርነት የሚያሳየውን የአገራችንን ሥዕል አይታችሁ ይሆናል። ጦርነቱ የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። እስቲ ፊቶቹን ተመልከቱ። የኢትዮጵያ ወታደሮች ሁለት ዓይናቸው ይታያል። የጣሊያን ወታደሮች ግን ፊታቸውን ወደ ጎን ስላዞሩ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ሠዓሊው ይህን ያደረገው መሳል ስላቃተው አይደለም። የቆየ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደንብ ነው፤ ደጉ በሁለት ዓይን፣ ክፉው በአንድ ዓይን ይሳላል። በመጨረሻው እራት ሥዕል ላይ ይሁዳን ፈልጉት፤ በዚህ ምልክት ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ሠዓሊው አንዲት ቃል ሳይጽፍ ወዳጁ ማን፣ ጠላቱ ማን እንደሆነ ነግሮናል። ጣሊያን አገር ያለ ሠዓሊ ያንኑ ጦርነት ቢስለው ኖሮ ዓይኖቹን በሌላ መንገድ ባዞራቸው ነበር።

አሁን ወደ ከበደው ነገር እንለፍ። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የሚያሳይ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። በወሎ ሕዝብ እያለቀ ነበር፤ መንግሥት ግን ነገሩን ደብቆት ነበር። ፊልሙ እውነት ነበር። ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በአዲስ ዓመት ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ደርግ ይህንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። ያሳየው ግን እንዳለ አልነበረም። በረሃብተኞቹ ምስል መካከል የንጉሡን ግብዣ፣ የሠርግ ኬክና ሥጋ የሚበሉ ውሾችን አስገባበት። የሚሞት ሕፃን ይታያል፤ ቀጥሎ ኬክ። እንደገና የሚሞት ሕፃን፤ ቀጥሎ ውሻ። በማግሥቱ፣ መስከረም 2፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ልብ በሉ። ረሃቡ እውነት ነው። ግብዣውም እውነት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ እጅ ግን አለ። ያ እጅ በፊልሙ ላይ አይታይም። እኛ የምናየው ኬኩንና ሕፃኑን ብቻ ነው፤ ቁጣው ከየት እንደመጣብን ሳናውቀው እንቆጣለን። ቁጣው ተገቢ አልነበረም እያልኩ አይደለም። ተገቢ ነበር። ግን ሌላ ሰው በልኩ ሰፍቶ ያቀረበልን ቁጣ ነበር።

ከዚያስ? ዐሥር ዓመት አለፈ። መስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረ። አዲስ አበባ በቀይ ባንዲራና በመፈክር ተሸፈነች። በአብዮት አደባባይ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ግዙፍ ሥዕሎች ቆመው ነበር። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እርዳታ የተሠራው የትግላችን ሐውልት ተመረቀ። ጫፉ ላይ ኮከብ አለ። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ እዚሁ በምሥራቅ በኩል ተዋግተው የሞቱ የኩባ ወታደሮችም እዚያ ይታሰባሉ። በዚያው ሰሞን ግን በወሎና በትግራይ ሕዝቡ እንደገና በረሃብ እየረገፈ ነበር። በረሃብ ፊልም ንጉሡን ያወረደ መንግሥት፣ በበዓሉ ሰሞን የረሃብ ፊልም እንዲነሣ አልፈለገም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው መሐመድ አሚን በቆረም ያነሣው ፊልም ከጋዜጠኛ ማይክል በርክ ዘገባ ጋር በእንግሊዝ ታየ፤ ዓለም ደነገጠ። ያው ረሃብ ነው፣ ያው ወሎ ነው። አንደኛው ጊዜ ምስሉ ለደርግ ጠቀመ፣ ሌላው ጊዜ ጎዳው።

ተቃዋሚ ደግሞ ገንዘብ የለውም፤ ነሐስ የለውም። ስለዚህ አጭር ነገር ይፈልጋል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አዲስ አበባ ላይ «መሬት ላራሹ» ብለው ወጡ። ሁለት ቃል ብቻ፤ እናንተም አሁን ልታነቡት ትችላላችሁ። አንዳንዴ ደግሞ ተቃውሞ የሚናገረው በማፍረስ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቆሞ የነበረው የሌኒን ሐውልት፣ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደቀ።

ወደ ሐረር እንምጣ። በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የምኒልክ ጦር የአሚር አብዱላሂን ጦር አሸነፈ፤ ራስ መኰንንም ሐረርን እንዲያስተዳድሩ ተሾሙ። ለዚህ አንድ ጦርነት ከተማዋ ሁለት ዓይነት መታሰቢያ ነበራት። ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ራስ መኰንን በፈረስ ላይ ተቀምጠው በነሐስ ቆመው ነበር። ሐውልቱ የቆመው በልጃቸው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ከግንቡ ውስጥ ደግሞ፣ በፈረስ መጋላ፣ በጨለንቆ ለወደቁት ሐረሪዎች መታሰቢያ አለ። ለአንዱ ወገን ራስ መኰንን የዓድዋ ጀግናና አገር ያቀኑ ሰው ናቸው። ለሌላው ፈረሳቸው የጨለንቆን ሙታን የረገጠ ፈረስ ነው። አንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ሐውልቶች ሲከራከሩ ኖሩ።

በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በተነሣው ቁጣ በብዙ ቦታ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ንብረት ወደመ። የራስ መኰንንን ሐውልትም ሰልፈኞች አፈረሱት። እኔ በበኩሌ ሁለቱም ቆመው ሕዝቡ እያያቸው ቢከራከር እመርጥ ነበር። በዚህ የማይስማሙ ጎረቤቶች አሉኝ፤ ምክንያታቸውንም ሰምቻለሁ።

ሶፊ ያላችሁ አድማጮች ለገበያ ሐረር ስትገቡ በፈረስ መጋላ ጥቂት ቆም በሉ። መታሰቢያውን በደንብ እዩት። ማን አስቆመው? ለማን? እዚያ ላይ ያልተነሣ ማን አለ? ከዚያ አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ጠይቁና የነገሯችሁን በሦስት መስመር በደብተራችሁ ጻፉ። በሚቀጥለው ሳምንት እናነበዋለን።