የማይካፈለው ሁለት ቢሊዮን

ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሰባት። ይህ ቁጥር ተነቦ እስኪያልቅ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ አሠራሩ ግን ቀላል ነው። ሠላሳ አንድ ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝቶ ከውጤቱ ላይ 1 መቀነስ ብቻ ነው።

ዝናው ብቸኛ ቁጥር ከመሆኑ ይመጣል፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሴን በ1644 እ.ኤ.አ. በዚህ መንገድ የሚገኙ ብቸኛ ቁጥሮችን ሲዘረዝር ይህንንም አስገብቶት ነበር። ዝርዝሩ ግን ስሕተት ስለነበረበት ቃሉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቁርጡን የነገረን ሊዮናርድ ኦይለር ነው፤ በ1772፣ ፒተርስበርግ ውስጥ፣ ዓይኑ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ሳለ።

በጉልበት የሚሠራ ሰው እስከ 46,340 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ማካፈል ይኖርበታል፤ ወደ 4,800 ይጠጋሉ። ኦይለር ግን ብልሃት ነበረው። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ካለ፣ እሱ ራሱ ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 መሆን አለበት። ይህን ወንፊት አልፎ መጀመሪያ የሚሞከረው 311 ነው። 311 በ6,905,092 ሲባዛ 2,147,483,612 ይሆናል፤ 35 ይተርፋል፤ አላካፈለም ማለት ነው። ቀጣዩ ተሞካሪ 1,303 ነው፤ በሁለቱ መካከል አንድም የለም! እንዲህ እያለ ሥራው ሁሉ ከ400 ባነሰ ማካፈል አለቀ። እኔን ከቁጥሩ ይልቅ የሚገርመኝ ይህ ቁጠባ ነው።

እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው በ1811 ከዚህ ቁጥር የሚወለደውን ባለ 19 አኃዝ «ፍጹም ቁጥር» (ልክ እንደ 6 ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጥ) ጠቅሶ፣ ጥቅም ስለሌለው ከዚህ የሚበልጥ የሚፈልግ ሰው አይኖርም ብሎ ነበር። በ1876 ኤድዋር ሉካስ እጅግ የሚበልጥ አገኘ።

ጥቅም የለውም የተባለው ቁጥር ዛሬ በየኪሳችን አለ። በኮምፒውተር አጻጻፍ ሠላሳ አንድ 1ዎች ተደርድረው ስለሚጻፉ፣ አንዱን ቢት (የ0 ወይም የ1 ቦታ) ለመደመር ወይም ለመቀነስ ምልክት የሚያውል ባለ 32 ቢት ቆጣሪ ከዚህ በላይ መቁጠር አይችልም። በ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ «ጋንግናም ስታይል» የተሰኘው የኮሪያ ዘፈን ዕይታ ከዚህ ጣሪያ ሲያልፍ፣ ዩቲዩብ ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት ማሳደጉን አስታውቆ ነበር።

የሚቀጥለው ቀጠሮ ከበድ ይላል። ብዙ የቆዩ ሲስተሞች ጊዜን የሚለኩት ከ1970 እ.ኤ.አ. መባቻ ጀምሮ ሰከንድ በመቁጠር ነው። ቆጠራው እዚህ ቁጥር ላይ የሚደርሰው ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው፤ የጥምቀት ዕለት ማለዳ መሆኑ ነው። በቀጣዩ ሰከንድ ያልታደሰ መሣሪያ ቆጣሪው ተገልብጦ ቀኑን ወደ ታኅሣሥ 1894፣ ወደ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ይመልሰዋል። አዳዲስ ስልኮችና ኮምፒውተሮች በአብዛኛው ወደ 64 ቢት ተሻግረዋል። በመሥሪያ ቤትዎ ያረጀ ሰርቨር ወይም የመቆጣጠሪያ መሣሪያ ካለ ግን ከወዲሁ ያስፈትሹት።