ዕንቁላሏን የምትበላ ዶሮ፦ ጠባይዋ፣ ምክንያቷና መድኃኒቷ

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚወስደውን መንገድ ተከትሎ፣ ከሆለታ ተነሥቶ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር አልፎ እስከ ባኮ የሚደርስ መንገደኛ፣ በየከተማው አጥር ሥር ጥቂት ዶሮዎች ሲጭሩ ሳያይ አይውልም፤ እነዚህም ዶሮዎች ለቤቱ እመቤት የጨውና የሳሙና መግዣ፣ ለተማሪው የደብተርና የእርሳስ ዋጋ፣ ለአራስና ለሕመምተኛ ብርታት፣ በበዓል ቀንም የመሶብ ክብር ናቸው። ስለዚህ አንዲት እመቤት ዶሮዋ ወደምትጥልበት መጣያ እጇን ስትሰድ ዕንቁላሉን አጥታ ገለባውን በአስኳል ረጥቦ ብታገኘው፣ የገዛ ዶሮዋንም ምንቃር ቢጫ ተቀብቶ ብታየው፣ ከዕንቁላሉ ኪሳራ ይልቅ የመከዳት ያህል የሚመር ኀዘን ይሰማታል። ብዙ ጊዜም ፍርዱ ወዲያው ይሰጥና ዶሮዋ ክፉ ጠባይ እንደ ያዛት ተቈጥሮ ለቢላዋ ትታጫለች። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህችን ዶሮ ለአንባቢ በሚገባ ማስተዋወቅ፣ ጥፋቱም በአብዛኛው ከአያያዛችን የሚመነጭ መሆኑን በምክንያት ማስረዳት ነው።

ዶሮ በሥነ ፍጥረት እጅ ያልተሰጣት ስለሆነች በዙሪያዋ ያለውን ሁሉ የምትመረምረው በምንቃሯ ነው፤ ጠጠሩን፣ ቅጠሉን፣ ትሉን፣ የባልንጀራዋን ላባ ሳይቀር ቆንጥራ የሚበላ መሆኑንና አለመሆኑን ትለያለች። ጌታ በወንጌል ስለ ኢየሩሳሌም ባዘነ ጊዜ ጫጩቶቿን ከክንፏ በታች የምትሰበስበውን ዶሮ የፍቅር ምሳሌ ማድረጉ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ይህ የእናትነት ባሕርይ የሚነቃው ዶሮዋ ለማቀፍ ስትቀመጥና ጫጩቶቿ ሲፈለፈሉ እንጂ፣ ትኩስ ዕንቁላል ጥላ በምትነሣበት ሰዓት አይደለም። በዚያ ሰዓት ቅርፊቱ ያልተነካ ዕንቁላል ለእርሷ ከለስላሳ ድንጋይ አይለይም፤ በአጋጣሚ ተሰብሮ ነጩና አስኳሉ የፈሰሰ እንደሆነ ግን እጅግ የሚጥምና የሚገነባ ምግብ ሆኖ ታገኘዋለች። አንድ ጊዜ የቀመሰች ዶሮም የተሰበረውን መጠበቅ ትታ ያልተሰበረውን ራሷ መስበር ትለምዳለች፤ አጠገቧ ያሉትም አይተው ስለሚከተሏት የአንዲቱ ልማድ ሳይውል ሳያድር የመንጋው ሁሉ ልማድ ይሆናል። እንግዲህ ዶሮ አርቢ ዕንቁላሉ መበላቱን ባየ ጊዜ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው የመጀመሪያው ዕንቁላል ለምን እንደ ተሰበረ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚቀድመው ምክንያት የቅርፊቱ መሳሳት ነው። አንድ ዕንቁላል በዶሮዋ ሆድ ውስጥ ተሠርቶ እስኪወጣ ከ24 እስከ 26 ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚህም ውስጥ 20 ሰዓት ያህሉ የሚያልፈው ቅርፊቱን በመሥራት ነው። ቅርፊቱ ከመቶ 94 እጁ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለት የኖራ ድንጋይ ባሕርይ ያለው ሲሆን፣ በአንድ መካከለኛ ዕንቁላል ቅርፊት ውስጥ 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይገኛል። የዚህም ሥራ ብዙው ክፍል የሚፈጸመው ዶሮዋ በቆጧ ላይ ሰፍራ ምንም በማትበላበት በሌሊት ስለሆነ፣ በሆዷ ያደረው ካልሲየም ያነሰ እንደሆነ ጉድለቱን ከገዛ አጥንቷ ቀንሳ ታሟላለች። አጥንቷም የተራቆተ እንደሆነ ቅርፊቱ ይሳሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ዕንቁላሉ ያለ ቅርፊት በስስ ሽፋን ብቻ ተጠቅልሎ ይወጣና እግር ሲነካው ይፈሳል።

ለአበሻ ዶሮ ይህ ሸክም ቀላል ነው። ዶሮ በአገራችን ጥንታዊት ናት፤ በምሥራቅ ትግራይ መዝብር በተባለው ቦታ በቁፋሮ የተገኘው አጥንቷ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ባሉት ዓመታት ውስጥ በዚህ ምድር እንደነበረች ይመሰክራል። የአገሩ ዶሮ ስትጭር ውላ ትልና ጠጠር፣ ቅጠልና ፍሬ ትለቅማለች፤ በዓመት የምትጥለውም ከ40 እስከ 60 ዕንቁላል ብቻ ስለሆነ የምታገኘው ለምትሰጠው ይበቃል። ዛሬ በየከተማው ግቢ የገቡት ቦቫንስ ብራውንን የመሰሉ የውጭ ዝርያዎች ግን በመልካም አያያዝ በዓመት 300 ያህል ይጥላሉ፤ መኖአቸውም ከመቶ 4 እጅ ገደማ ካልሲየም ሊኖረው ይገባል። «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ይባላል፤ ነገር ግን የምታልመው በቆሎ ከካልሲየም ባዶ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጠባብ ግቢ ታጥራ በፉርሽካ፣ በእንጀራ ፍርፋሪና በበቆሎ ብቻ የምትኖር ብርቱ ጣይ ዶሮ የገዛ ዕንቁላሏን ከነቅርፊቱ ብትበላ፣ ያጣችውን መልሳ እንደ ፈለገች ሊታሰብላት ይገባል።

የዚህም መድኃኒት ከማጀት አይርቅም። በቤት የተበላውን የዕንቁላል ቅርፊት አጥቦ፣ በምጣድ አምሶና በሙቀጫ ወቅጦ ማታ ማታ ለብቻው በዕቃ ማቅረብ ነው፤ መልኩ ዕንቁላልን የሚያስታውስ ከሆነ ልማዱን ያበረታታልና እስኪደቅ መወቀጥ አለበት። ለዶሮ መኖ የተዘጋጀ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ከመኖ ነጋዴ የሚያገኝ ሰውም በዚያው ይጠቀም፤ ለግድግዳ መቀቢያ የሚሸጠው የተቃጠለ ኖራ ግን ሆድ ዕቃን የሚያቃጥል ስለሆነ ፈጽሞ አይሰጥ። በዚህ ላይ ሥጋ ገንቢ ምግብ እንዳይጐድል የኑግ ፋጉሎ በመኖው ቢጨመር፣ ጥማትም ዕንቁላል ያስቆነጥራልና ንጹሕ ውኃ ከፊታቸው ባይታጣ፣ ግማሹ ሥራ ተፈጸመ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የመጣያው አለመመቸት ነው። አሥር ዶሮ በአንድ አሮጌ ቅርጫት ላይ ሲጋፋ ዕንቁላል በዕንቁላል ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ መጣያ ሊዘጋጅ፣ ስፋቱም ቁመቱም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሊሆን፣ ወለሉም አንድ ጋት በሚያህል ደረቅ የጤፍ ጭድ ሊሸፈን ይገባል። ቦታውም ከእግር መንገድ የራቀና ጨለም ያለ ይሁን፤ ዶሮ በጨለማ ያላየችውን አትቆነጥርምና። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ዕንቁላል በመጣያው ሊውል አይገባም፤ ዶሮዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጥሉት ከማለዳ እስከ እኩለ ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ረፋዱ ላይ አንድ ጊዜ፣ እኩለ ቀን ላይ ሁለተኛ ጊዜ፣ ማታም ሦስተኛ ጊዜ መሰብሰብ ነው። በተለይ በዐቢይ ጾም 55 ቀኖች፣ በሚጾሙት ቤቶች ዕንቁላል የማይበላበትና ገበያውም የሚቀዘቅዝበት ወራት ስለሆነ፣ «ማን ይገዛዋል?» በሚል ስንፍና ዕንቁላሉ በመጣያው ተከማችቶ ይረሳል፤ ለፋሲካ በብዙ የሚፈለገው ዕንቁላል በሚበላ መንጋ እጅ የሚወድቀውም በዚህ ነው። ሰው ቢጾምም ዶሮዋ መጣሏን አታቋርጥምና መሰብሰቡም ሊቋረጥ አይገባም።

ከፍርድ በፊት ምርመራ ይቅደም። ሸለምጥማጥና አይጥ ዕንቁላል የሚሰርቁት ይልቁንም በሌሊት ነው፤ ስለዚህ ዕንቁላሉ ሁሉ ማታ ተሰብስቦ እያለ፣ በማግስቱ ቀን የተጣለው ከጐደለ ጥርጣሬው ወደ ዶሮዎቹ ይዞራል። በደለኛይቱም በምንቃሯና በአንገቷ ላባ ላይ በደረቀው አስኳል፣ ባልንጀራዋ ስትጥልም ከመጣያው አፍ ቆማ በመጠበቋ ትታወቃለች።

በብዙ ቤት ዕንቁላሉን በስታ፣ በውስጡ በርበሬ ወይም ሚጥሚጣ ሞልታ ዶሮዋን ልታስመርር የምትደክም እመቤት አለች። ሰውንና አይጥን የሚያቃጥለው የበርበሬ ኃይል ግን የአዕዋፍን ሕዋስ አይነካም፤ ስለዚህ ዶሮዋ ያለ አንዳች ሥቃይ ትበላዋለች፤ በርበሬውም በከንቱ ይቀራል። የሚሻለው ከእንጨት የተጠረበ ዕንቁላል ወይም በቅርጹ ዕንቁላል የመሰለ ነጭ ድንጋይ በመጣያው ማኖር ነው፤ ቆንጥራው የማይሰበርላት ዶሮ ተስፋ ቆርጣ ትተወዋለች። አናጢ የሚያገኝ ሰውም የመጣያውን ወለል በጥቂቱ ወደ ኋላ ያዘንብለው፤ ዕንቁላሉ እንደ ተጣለ ተንከባልሎ ከምንቃር በማይደርስበት በተከደነ ሳጥን ያርፋል። ልማዱ የጸናባትን ዶሮ ግን ከመንጋው ለይቶ ማቆየት፣ ይህም ሁሉ ተደርጎ ካልታረመች ሌሎቹን ሳታስት ማረድ ተገቢ ነው፤ ይህ ፍርድ ከምክርና ከትዕግሥት በኋላ የመጣ ስለሆነ አይነቀፍም።

በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ የተጀመረው የዛሬው አምቦ ዩኒቨርሲቲ ከደጃቸው ላለላቸው፣ የእንስሳት ባለሙያም በወረዳቸው ለተመደበላቸው የምዕራብ ሸዋ ዶሮ አርቢዎች እውቀቱ ሩቅ አይደለም፤ የጐደለው መጠየቅና ማስተማር ነው። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጕልላት ላይ የሰጎን ዕንቁላል የሚቀመጠው፣ ሰጎን ዕንቁላሏን ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቃለች እየተባለ የትጋት ምሳሌ ሆኖ ነው። ይህ ትጋት ከዶሮ አይጠበቅም፤ ከአርቢዋ እንጂ። ስለዚህ ዶሮ ያለሽ እመቤትም ሆንሽ ዶሮ ያለህ አባወራ፣ ቢላዋ ከማንሣት በፊት መኖውን መርምሩ፣ መጣያውን አስተካክሉ፣ ዕንቁላሉንም በጊዜው ሰብስቡ።