በዕቃ ውስጥ ስለሚሰወር የሠሪ ምልክት

ሰንጢ የያዘ ሰው ሁሉ ስለቱን በገለጠ ጊዜ፣ ከእጀታው አጠገብ በብረቱ ሥር ላይ በትንሹ የተመታ ጽሕፈት ወይም ሥዕል ያያል። ገዢ ያንን አይቶ ዕቃው የማን ቤት ሥራ እንደ ሆነ ይለያል፤ ሻጭም ዋጋውን የሚጠራው ብዙውን ጊዜ እርሱን እያሳየ ነው። ነገር ግን ብዙ ዘመን ያገለገለ ሰንጢ ችንካሩ ላልቶ በተፈታ ጊዜ ሌላ ነገር ይታያል። በቀንዱ እጀታ ሥር ያለው ስስ የናስ ሰሌዳ ሲገለበጥ፣ በውስጠኛው ገጹ ላይ በሹል ነገር የተጫረ መስመር ወይም ቍጥር ይገኝ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንዲህ ያለውን ጭረት በመጀመሪያ ያየው በእጁ የነበረ አንድ አሮጌ ሰንጢ በተሰበረ ጊዜ ነው። ሦስት አጫጭር መስመሮች ብቻ ነበሩ። ሠሪው ብዙ ሰንጢ ባንድነት ሲገጣጥም የአንዱ አካል ከሌላው እንዳይለዋወጥበት ያደረገው መለያ መሆኑን ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወስዶበታል።

የሕዝብን ኑሮና የእጅ ሥራ ለሚመረምር ሰው እነዚህ ሁለት ምልክቶች አንድ ዐይነት ማስረጃዎች አይደሉም። በውጭ የሚታየው ስለ ባለንግዱ ይናገራል፤ በውስጥ የተሰወረው ግን ብረቱን ስለ ነካው እጅ ይናገራል። ይህንን ልዩነት ከእንግሊዝ አገር፣ ከጃፓንና ከአሜሪቃ በተወሰዱ ምሳሌዎች ለማስረዳት እንሞክራለን፤ ከዚያም ወደ አገራችን ጐራዴ እንመለሳለን። የውጭ አገር ታሪክ የሚጠቀስበት ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በእንግሊዝ አገር የቢላዋና የሰንጢ ሥራ ዋና ከተማ ሆና የኖረችው ሼፊልድ ናት። በ1624 በፓርላማ ሕግ የሐላምሽር የቢላዋ ሠሪዎች ማኅበር በዚያ ተቋቋመ። ከማኅበሩ ሥራዎች አንዱ የየባለሙያውን ምልክት በመዝገብ ማስፈርና የአንዱን ምልክት ሌላው እንዳይመታው መጠበቅ ነበር። በዚያን ጊዜ ምልክቱና ሠሪው ብዙ አይራራቁም ነበር ለማለት ይቻላል። ኋላ ግን ምልክት እንደ ርስት የሚወረስና የሚተላለፍ ሀብት ሆነ። የወስተንሆልም ቤት ስሙን በዓለም የተከለበት ምልክት ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። አይ፣ ኤክስ፣ ኤል የሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ተከታትለው ሲጠሩ በእንግሊዝኛ «እኔ እበልጣለሁ» የሚል ድምፅ ይሰጣሉ፤ ምልክቱ ግን በ1787 በመጀመሪያ የተሰጠው ለሌላ ሰው ነበር። «እኔ» የሚለው ቃል ባለቤቱን ለውጦ መናገሩን አላቋረጠም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የሥራው አከፋፈል ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በሼፊልድ አንድ ሰንጢ የሚወጣው ከአንድ ሰው እጅ አልነበረም። አንዱ ብረቱን በእሳት አግሎ ይቀጠቅጣል፤ ሁለተኛው በሚሽከረከር ድንጋይ ላይ ይስለዋል፤ ሦስተኛው ሞላውን፣ ናሱንና ቀንዱን ገጣጥሞ ያስጌጠዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ በተከራዩት ጠባብ ክፍል ውስጥ በየግላቸው ለልዩ ልዩ ቤቶች የሚሠሩ ነበሩ። ምልክቱ የሚመታው ብረቱ ከመጠንከሩ በፊት ስለ ሆነ፣ የባለንግዱን ስም በብረቱ ላይ የሚያሳርፈው ራሱ ቀጥቃጩ ነበር። የሌላውን ስም በገዛ መዶሻው ይመታል፤ የራሱ ስም ግን በየትም አይገኝም። በድንጋዩ ላይ ጐንበስ ብሎ የሚስለው ደግሞ ከድንጋዩና ከብረቱ የሚነሣውን ትቢያ እየሳበ ሳንባው ይቈስል ነበር፤ ያለ ውሃ በደረቅ ድንጋይ ከሚስሉት መካከል አርባ ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ብዙዎች ነበሩ። በስለቱ ላይ የምናየው ብርሃን የእነርሱ ሥራ ነው። በናሱ ሰሌዳ ውስጥ የተጫረው መስመር ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ከባለንግዱ ስም ውጭ የሚገኝ የሠራተኛ እጅ ጽሕፈት እርሱ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

በውጭ ያለው ምልክት ለዘመን ምርመራ የማይጠቅም ነው ማለታችን አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት በ1887 ባወጣው ሕግ በዕቃ ላይ የሐሰት የንግድ ምልክትና የሐሰት የትውልድ አገር መመታቱን ከለከለ፤ የዚህም ምክንያት በጀርመን አገር የተሠራ ቢላዋ የሼፊልድን ስም ይዞ ይሸጥ ስለ ነበር ነው። በ1890 የወጣው የአሜሪቃ የቀረጥ ሕግም ወደዚያ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የመጣበትን አገር ስም እንዲይዝ አዘዘ። ስለዚህ በስለቱ ሥር «ኢንግላንድ» ወይም «ጀርመኒ» የሚል ቃል የተመታበት ሰንጢ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። በአሜሪቃ የኬዝ ፋብሪካ ደግሞ ከ1970 ጀምሮ በምልክቱ ሥር አሥር ነጥቦች መትቶ በየዓመቱ አንዳንድ ነጥብ እያጐደለ ዘመኑን አስታውቋል። እንዲህ ያለው ምልክት ዓመቱን ያስታውቃል እንጂ ሰውየውን አያስታውቅም።

በጃፓን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የጃፓን ጐራዴ ከአፎቱ ሲመዘዝ በስለቱ ላይ የሠሪው ስም አይታይም። ስሙ ያለው በእጀታው ውስጥ በሚገባው የብረቱ ሥር ላይ ነው፤ ይህንንም ክፍል ናካጎ ይሉታል። እጀታውን ከብረቱ ጋራ አጥብቆ የሚይዘው ትንሽ የቀርከሃ ችንካር ሲሆን፣ እርሱ በተነቀለ ጊዜ እጀታው ይወልቅና ስሙ ይገለጣል። በ701 የወጣው የታይሆ ሕግ ሠሪዎች ስማቸውን እንዲጽፉ ያዝዝ ነበር ይባላል። በልማድ ጸንቶ የቈየው ሥርዐት በአንዱ ገጽ የሠሪውን ስምና አገሩን፣ በሌላው ገጽ ዘመኑንና ወሩን መቅረጽ ነው። ወሩም ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ወይም ስምንተኛው ወር ሆኖ ይገኛል። ይህ የቀን ትክክለኛ መዝገብ ሳይሆን የተወደደ ወግ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ የተሰወረ ጽሕፈትም ቢሆን ለወግ ይገዛል።

ስሙ የሚቀረጸው በትንሽ መሮ፣ ጭረቱ አንድ በአንድ በመዶሻ እየተመታ ነው። ስለዚህ ዐዋቂዎች የመሮውን አቅጣጫ፣ የጭረቱን ጥልቀትና የፊደሉን አጣጣል አይተው እንደ እጅ ጽሕፈት የማንነቱን ይፈርዳሉ። የታላላቅ ሠሪዎችን ስም በሐሰት መቅረጽ የቈየ ማታለል ስለ ሆነ ስሙ ብቻውን አይታመንም። ከስሙ ጋራ የሚመረመረው ዝገቱ ነው። በናካጎው ላይ ያለው ጥቍር ቡናማ ዝገት በብዙ መቶ ዓመት የሚመጣ በመሆኑ ከቶ አይፈገፈግም። ሳያውቅ በአሸዋ ወረቀት አጽድቶ ያብለጨለጨው ሰው የዕቃውን የዕድሜ ምስክር በገዛ እጁ ያጠፋል። ረጅም የነበረው ጐራዴ ከሥሩ ተቈርጦ ሲያጥር ስሙ አብሮ ይጠፋ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ግን ስም ያለበት ቍራጭ ወደ ላይ ታጥፎ በተዘጋጀለት ቦታ ይገባል፤ ወይም ለብቻው ተቈርጦ በአዲሱ ሥር ላይ ይተከላል። ማንም በማያየው ቦታ ላለ ስም ይህን ያህል መድከማቸው የሠሪውን ክብር ያሳያል። በ1876 ጐራዴ መታጠቅ በሕግ በተከለከለ ጊዜ ከሠሪዎቹ ብዙዎች ወደ ቢላዋና ወደ መቀስ ሥራ ተመለሱ፤ የሴኪ ከተማ ዛሬ በሰንጢ የታወቀችው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ከሁለቱም ይለያል፤ ለቈጠራም ለክብርም ያልተጻፈ ነውና። የኪስ ሰዓት የሚያድሱ ሰዎች በክዳኑ ውስጥ ቀንና ምልክት የመጫር ልማድ አላቸው። በ1861 በዋሽንግተን ከተማ ጆናታን ዲለን የሚባል ከአየርላንድ የመጣ ሰዓት ሠሪ የፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከንን የወርቅ ሰዓት ሲያድስ ሳለ፣ በፎርት ሳምተር ምሽግ ላይ ጦርነት መከፈቱን ሰማ። ወዲያው የሰዓቱን ፊት አንሥቶ ከበስተኋላው ባለው ብረት ላይ ቃል ጫረና መልሶ ዘጋው። ሊንከን ይህን ሳያውቅ ሰዓቱን ይዞ ኖረ። ሠሪው በ1906፣ በ84 ዓመቱ፣ ነገሩን ለኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ነገረ። የጻፈውም የመጀመሪያው መድፍ መተኰሱን፣ ባርነት መሞቱንና ቢያንስ የሚሞክር ፕሬዚዳንት በመገኘቱ ምስጋናውን የሚገልጽ ቃል እንደ ነበረ አስታወሰ። ይህ ወሬ በቤተሰቡ ዘንድ ተጠብቆ ቈየ። ሰዓቱ የሚገኝበት በዋሽንግተን ያለው የአሜሪቃ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም የዲለን ዘር የሆነ ሰው ነገሩን ባስታወቀው ጊዜ፣ መጋቢት 10 ቀን 2009 በብዙ ሰው ፊት አስከፈተው።

ጽሕፈቱ ተገኘ፤ ቃሉ ግን ሌላ ነበር። ብረቱ የሚናገረው ምሽጉ በዐመፀኞች መመታቱን፣ መንግሥት ስላለን እግዚአብሔር እንዲመሰገን፣ የሠሪውን ስምና ሚያዝያ 13 የሚለውን ቀን ነው። ስለ ባርነትም ስለ ፕሬዚዳንቱም የሚያወሳ ነገር የለበትም። የምሽጉ ስም በፊደል ስሕተት ተጽፏል፤ ጥቃቱም የተጀመረው ከዚያ በፊት በነበረው ቀን፣ በ12ኛው ነበር። ሠሪውን ውሸታም ማለት ግን አይገባም፤ አርባ አምስት ዓመት በመካከል አልፏል፤ የጦርነቱም ፍጻሜ በመጀመሪያው ቀን ትዝታ ላይ ቀለሙን ቀብቶበታል። ለእኛ ማኅበር ሥራ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ባፍ የተነገረው ባይኖር ኖሮ ሰዓቱን የሚከፍተው ሰው አይገኝም ነበር፤ ሰዓቱም ባይከፈት ኖሮ ባፍ የተነገረው ሳይታረም ይኖር ነበር። ከዚያም በላይ በዚያው ብረት ላይ በ1864 የሠራ ሌላ ዐዳሽ ስሙን ጽፎ ተገኝቷል፤ የዐመፀኞቹ መሪ የጄፈርሰን ዴቪስ ስምም በአጭሩ ተጭሮበታል። በሊንከን ኪስ ውስጥ የጠላቱ ስም ይሄድ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በመኳንንቱ ቤት ከሚገኙት ጐራዴዎች ብዙዎቹ እጀታቸው የአውራሪስ ቀንድ ሲሆን፣ ስለታቸው በጀርመን አገር በዞሊንገን ወይም በእንግሊዝ አገር በሎንዶን የተሠራ ነው። በስለቱ ላይ የአንበሳ ሥዕልና በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የንጉሠ ነገሥት ስም ይታያል፤ የውጭ አገሩ ቤት ምልክትም በእጀታው አጠገብ ይገኛል። ቀንዱን ጠርቦ ያለበሰው፣ አፎቱን በቆዳ የሰፋው የእጅ ሥራ ባለቤት ግን በዕቃው ፊት ላይ ስም የለውም። የዚህም ምክንያት የጽሕፈት አለመኖር ብቻ አይደለም። ብረት ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው ሕዝቡ ያለ እነርሱ ማረስም መታጠቅም የማይችል ሲሆን፣ ቡዳና ጠይብ እየተባሉ ሲናቁ የኖሩ ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ስሙ ስድብ በሆነበት አገር ሠራተኛ ስሙን በዕቃ ፊት ላይ እንዲጽፍ አይጠበቅም። በቀንዱ ሥር የጫረው ነገር ቢኖር ግን ለማየት የሚቻለው እጀታው ሲወልቅ ብቻ ነው።

ስለዚህ አሮጌ ጐራዴ፣ ጩቤ ወይም ሰንጢ ያላቸውን አንባቢዎች አንድ ነገር እንለምናለን። ዕቃውን ለዚህ ሲሉ አይፍቱት። ነገር ግን እጀታው ላልቶ ወደ ሠራተኛ በሚሄድበት ቀን ባለቤቱ አብሮ ይሂድ፤ ብረቱ ከመፈግፈጉና ዘይት ከመቀባቱ በፊት የሥሩን ሁለት ገጾችና የቀንዱን ውስጥ ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ጭረት ቢገኝ መጠኑን ለክቶ፣ ዕቃው ከማን ለማን እንደ ተላለፈና ስለ ሠሪው በቤተሰቡ የሚነገረውን ሁሉ ጨምሮ ወደ ማኅበሩ ይላክልን። የሚያድሰውንም ሰው ስም መጻፍ እንዳይረሳ።