ዝሆኔ፦ የዘር በሽታ ወይስ የኑሮ በሽታ?

በወላይታ ዞን ገጠር ቀበሌዎች ለጋብቻ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት በሹክሹክታ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ። «ከዘመዶቻቸው እግሩ ያበጠ ሰው አለ ወይ?» የሚል ነው። መልሱ «አለ» ከሆነ ልጅቷ ወይም ልጁ ሙሉ ጤነኛ ቢሆኑም እንኳ ጋብቻው ሊቀር ይችላል። በአካባቢው ታማሚዎችን በማነጋገር የተደረጉ የማኅበረሰብ ጥናቶች ይህንኑ ደጋግመው መዝግበዋል። በሽታው በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ሕዝቡ ዝሆኔ ወይም የዝሆን እግር እያለ ይጠራዋል።

እኛ ሐኪሞች ስለዚህ በሽታ ስንጠየቅ ብዙ ጊዜ ስለ እግር ብቻ ተናግረን እናበቃለን። ታማሚውና ቤተሰቡ ማወቅ የሚፈልጉት ግን ከዚያ ያለፈ ነው። «ልጆቼን ይይዛቸዋል? ሰው ቤት መሄድ እችላለሁ? ዘራችን ነው?» ይላሉ። እነዚህ ጥያቄዎች የጤና ጥያቄዎች ናቸው፤ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ኑሮ ደረጃና ስለ ሰው ክብር የሚጠይቁም ናቸው። በዛሬው ጽሑፋችን ሁለቱን አንድ ላይ እንመልከት።

በሽታው እንዴት ይመጣል?

በቅድሚያ ሁለት ዓይነት ዝሆኔ መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው በወባማ ቆላ አካባቢዎች የሚገኝና በትንኝ ንክሻ በሚተላለፍ ጥገኛ ትል የሚመጣ ነው። በወላይታ ደጋማና ወይናደጋ ቦታዎች የምናየው ሁለተኛው ዓይነት ከትልም ከትንኝም ጋር ግንኙነት የለውም። ምክንያቱ አፈር ነው።

ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈር፣ ዝናብ በሚበዛባቸው ከፍታ ቦታዎች ላይ እጅግ ደቃቅ የሆኑ የማዕድን ቅንጣቶችን ይይዛል። ሰው ለዓመታት በባዶ እግሩ ሲያርስ፣ ውኃ ሲቀዳና ገበያ ሲመላለስ ቅንጣቶቹ በእግር ቆዳ በኩል ይገባሉ። ከዚያም ፈሳሽ ወደ ላይ የሚመልሱትን ቀጫጭን የሊምፍ ቱቦዎች ያስቆጣሉ፤ ቀስ በቀስም ያጠቧቸዋል። መውጫ ያጣው ፈሳሽ በእግር ውስጥ ይጠራቀማል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሻክራል፣ ይሰነጣጠቃል። እብጠቱ ከመርገጫ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከጉልበት በታች ይቆማል።

ስለዚህ በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ በመብላት፣ አልጋ በመጋራት፣ በመጨባበጥ፣ የታማሚን እግር በማጠብም ሆነ የረገጠበትን በመርገጥ አይያዝም። እርግማንም አይደለም።

በአንድ ቤት ለምን ይደጋገማል?

«አይተላለፍም ካላችሁ፣ አባትና ልጅ፣ እህትና ወንድም እንዴት አብረው ይታመማሉ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሸፋፍነን ልናልፈው አይገባም።

አንድ ዓይነት አፈር የሚረግጡ ሰዎች ሁሉ አይታመሙም። በወላይታ ታማሚ ያለባቸውን ቤተሰቦች በመከታተል የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ የታማሚ እህት ወይም ወንድም በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሕዝብ 5 እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናትም ሰውነት ባዕድ ነገሮችን የሚለይበትን ሥርዓት የሚመሩ የተወሰኑ ዘረ መሎች ከበሽታው ጋር እንደሚያያዙ አመልክቷል። እንግዲህ በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ ለአፈሩ የበለጠ ተጋላጭ የመሆን ባሕርይ ይወረሳል ማለት ነው።

ነገር ግን የሚወረሰው ተጋላጭነት እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ተጋላጭ የሆነ ሰው እግሩ አፈሩን ካልነካ በዝሆኔ አይታመምም። በስኮትላንድ፣ በአየርላንድና በፈረንሳይ በአንድ ወቅት ተመሳሳይ በሽታ እንደነበረ ይጠቀሳል። የጠፋው የሕዝቡ ዘር ተለውጦ ሳይሆን ጫማ ማድረግ የሁሉም ልማድ ስለሆነ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ወላጆች ለልጆቻቸው የሚያወርሱት ዘረ መል ብቻ አይደለም። የመሬቱን ስፋት፣ የቤቱን ወለል፣ የውኃውን ርቀት፣ የትምህርት ዕድሉንና ጫማ የመግዛት አቅሙን ጭምር ያወርሳሉ። በባዶ እግሩ ያደገ አባት ብዙ ጊዜ ለልጁም ጫማ መግዛት ያቅተዋል። ስለዚህ ሰው «ዘራቸው ነው» የሚለው ነገር ግማሹ የኑሮ ውርስ ነው። ኑሮ ደግሞ ሊለወጥ ይችላል።

ይህ እውነት በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረ የመንግሥት ሠራተኞች ጥናት፣ ሁሉም ደመወዝተኛ በሆኑበት መሥሪያ ቤት ውስጥ እንኳ ዝቅተኛ እርከን ላይ ያሉት ከፍተኛ እርከን ላይ ካሉት ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል። ጤና የኑሮን ደረጃ ይከተላል። በወላይታ ይህ እርከን በግልጽ የሚታየው በእግር ላይ ነው።

ድህነት በሽታን፣ በሽታ ድህነትን

እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ዞን የበሽታው ስርጭት 5.46 በመቶ መሆኑን አሳውቋል። ይህ ማለት በዚያን ጊዜ ከ20 ሰዎች አንዱ ታማሚ ነበር ማለት ነው። የሚያጠቃቸውም በአብዛኛው በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉትን ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ የታተመ ሌላ የዞኑ ጥናት በሽታው የሚያስከትለውን ኪሣራ አሰላ። አንድ ታማሚ በዓመት ውስጥ ከሥራ ቀናቱ 45 በመቶ የሚሆነውን ያጣል። በወቅቱ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ በነበረው ዞን፣ በሽታው በየዓመቱ ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ያሳጣ ነበር።

ይህን ቁጥር ወደ አንድ ቤት እናውርደው። ወላይታ መሬት የጠበበበት፣ ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ የሚኖርበት አካባቢ ነው። በትንሽ ማሳ ላይ እንሰትና ስኳር ድንች ተክሎ የሚኖር አባት እግሩ ሲታመም ማሳው ሰው ያጣል። ጎዶሎውን የሚሞሉት እናትና ልጆች ናቸው። ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። የቤት ውስጥ ሥራውና የማስታመሙ ሸክም በሴቶች ላይ ይደራረባል። ጫማ የሚገዛበት ገንዘብ ለመድኃኒትና ለእህል ይውላል። ልጆቹም በባዶ እግራቸው ይቀጥላሉ። ክቡ በዚህ መልኩ ይዞራል።

መገለል በሽታውን ያከፋዋል

በዚህ ላይ መገለል ይጨመርበታል። ታማሚዎች ከለቅሶ፣ ከሠርግና ከቤተ እምነት ራሳቸውን እንደሚያርቁ፣ ተማሪዎችም ትምህርት እንደሚያቋርጡ በአካባቢው የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፣ የተደበቀ እግር ሳይታጠብና ሳይታከም ይባባሳል። ቤተሰብም የልጆቹን ጋብቻ ላለማበላሸት ሲል ታማሚውን ከሰው ዓይን ይሰውራል። የዘረ መል ጥናቱ ሲጀመር እንኳ ተመራማሪዎች ወደ ቤታቸው ሲመጡ ጎረቤት እንዳያይባቸው የፈሩ ቤተሰቦች ነበሩ።

የጤና ባለሙያውም ከዚህ ነፃ አይደለም። በደቡብ ኢትዮጵያ በጤና ባለሙያዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታው ተላላፊ እንደሆነ ያምኑ እንደነበር አሳይቷል። ታማሚውን በፍርሃት የሚያይ ባለሙያ ባለበት ጤና ጣቢያ፣ ታማሚው ለሁለተኛ ጊዜ አይመለስም።

ምን እናድርግ?

መከላከል፦ ልጆች መራመድ ከጀመሩበት ጊዜ አንስቶ ጫማ ይልበሱ። ጫማ ለበዓል፣ ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚወጣ ጌጥ አይደለም። ይበልጥ የሚያስፈልገው ለእርሻ፣ ለውኃ መቅጃና ለከብት ጥበቃ ነው። ሸበጥ ከምንም ይሻላል፤ እግርን ሙሉ ለሙሉ የሚሸፍን ጫማ ግን የተሻለ ነው። የአንድ ሰው ብቻ ጫማ መግዛት የሚችል ቤተሰብ፣ ቅድሚያውን ገበያ ለሚወጣው ሳይሆን አፈር ውስጥ ለሚውለው ይስጥ። ዘወትር ማታ እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ የቤትን የአፈር ወለል በምንጣፍ መሸፈንም ይረዳል። በቤተሰብ ውስጥ ታማሚ ካለ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ምልክቶች፦ በሽታው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና ወይም በወጣትነት ነው። የመርገጫ ማሳከክና ማቃጠል፣ ማታ ማታ መጥቶ ጠዋት የሚቀንስ እብጠት፣ የጣቶች መራራቅና የቆዳ መወፈር የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸው። በዚህ ደረጃ ሕክምና ከተጀመረ እብጠቱ ሊቀንስ ይችላል። ይሁን እንጂ እብጠት ሁሉ ዝሆኔ አይደለም፤ የልብ፣ የኩላሊትና የሥጋ ደዌ በሽታም እግር ያሳብጣል። አንድ እግር በድንገት አብጦ ካመመ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።

ክብካቤ፦ ለታመመ እግር ዋናው ሕክምና የሚሰጠው በቤት ውስጥ ነው። እግርን በየቀኑ በሳፋ ውስጥ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ማጠብ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ንጹሕ ካልሲና ሰፊ ጫማ ማድረግ ያስፈልጋል። ሲቀመጡና ሲተኙ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ቁርጭምጭሚትንም ማንቀሳቀስ ይጠቅማል። በውኃው ላይ የሚጨመር በረኪና መጠኑን፣ የፋሻ አስተሳሰሩንም የጤና ባለሙያ ሊያሳያችሁ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ይህ ቀላል ክብካቤ ትኩሳት ያለበትን የእግር ግርሻ ወደ 20 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

ግርሻ ሲነሳ፦ እግሩ ከጋለ፣ ከቀላ፣ ካመመና ትኩሳት ከመጣ ታማሚው ይረፍ፤ ውኃ በብዛት ይጠጣ፤ እግሩ ላይ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ይደረግለት፤ ፋሻውም ይፈታ። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በምላጭ መብጣት፣ በእሳት መተኮስና ያልታወቀ ቅጠል ማሰር ቁስልና መመረዝ ያስከትላሉ።

የቤተሰብና የማኅበረሰብ ድርሻ፦ እግር ለማጠብ ውኃ ይፈልጋል። ውኃ የሚቀዳው ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ሸክሙ በአንዲት ሴት ልጅ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ቤተሰቡ ይከፋፈለው። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤታችሁ ስትመጣ ታማሚውን አትደብቁ። ለማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የምትመዘገቡትም በቤተሰብ ስለሆነ የታመመውን የቤተሰብ አባል አታስቀሩ። እድሮችና ዕቁቦች ለአባላት ልጆች ጫማ መግዣ የሚሆን መዋጮ ቢያስቡበት ብዙ እግር ያድናሉ።

ይህ ሊሳካ እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ ሩቅ አይደለም። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በወላይታ በተካሄደው «ሞሲ ፉት» በተባለው የሕክምና ፕሮግራም፣ የታከሙ ታማሚዎች ሌሎችን የሚያስተምሩ ሆነዋል፤ ላበጠ እግር የሚሆን ጫማም ሰፍተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2011 በሽታውን ትኩረት ከሚሹ የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ አስገብቶታል።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ለልጃችሁ ትዳር ስታጠያይቁ «ከዘመዶቻቸው እግሩ ያበጠ አለ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ተዉት። ከሚጋቡት ወጣቶች አንዱ ታማሚ ዘመድ ቢኖረው እንኳ፣ የሚወለዱት ልጆች ከመጀመሪያው እርምጃቸው ጀምሮ ጫማ ካደረጉ አይታመሙም። በቤታችሁ ያበጠ እግር ካለ ደግሞ ዛሬ ማታ በሳሙና ታጥቦ ይደር፤ ነገ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።