ትዕግሥት ዱላን አያጸድቅም፦ ስለ ክርስቲያናዊ ትዳር ተረትና እውነታ

ከጋፋት እስከ ጋይንት ባለው የደቡብ ጎንደር ደጋ፣ የባልና የሚስት ጠብ ከፍርድ ቤት በፊት የሚደርሰው ለሽማግሌና ለንስሐ አባት ነው። ተደብድባ ለመጣች ሴት የሚሰጣት የመጀመሪያው ምክር የነገ ዕጣዋን ሊወስን ይችላል። ይህ ምክር ብዙ ጊዜ የእምነት ልብስ በለበሱ ሦስት ተረቶች ላይ ይቆማል። በመጽሐፍ ቅዱስ ሲመዘኑ ግን ሦስቱም ቀላል ሆነው ይገኛሉ።

ተረት 1፦ «ባል ራስ ነው፤ ሚስቱን መቅጣት መብቱ ነው»

እውነታ፦ በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 63 በመቶዎቹ ባል ሚስቱን ቢያንስ በአንድ ምክንያት ቢመታ ተገቢ ነው ብለዋል። ወንዶቹ 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። ተረቱ ከመቺው ይልቅ በተመቺዋ ልብ ሥር ሰድዷል ማለት ነው። ይሁንና ኤፌሶን ምዕራፍ 5 ሚስት ለባሏ እንድትገዛ ካለ በኋላ፣ ባልን ክርስቶስ ለቤተ ክርስቲያን ራሱን እንደ ሰጠ እንዲወዳት፣ እንደ ገዛ ሥጋውም እንዲንከባከባት ያዝዛል። ራስነቱ ራስን የመስጠት ግዴታ ነው፤ የጅራፍ ፈቃድ አይደለም። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥7 ሚስቱን የማያከብር ባል ጸሎቱ እንደሚሰናከል ያስጠነቅቃል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም የመጀመሪያውን የቆሮንቶስ መልእክት ሲያብራራ፣ ሚስትን መምታት ከተመቺዋ ይልቅ መቺውን የሚያዋርድ መሆኑን አጥብቆ ተናግሯል።

ተረት 2፦ «መስቀልሽን ተሸከሚ፤ መሸሽ የእምነት ማነስ ነው»

እውነታ፦ ትዕግሥት ትልቅ ምግባር መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ጌታ ራሱ ደቀ መዛሙርቱን በአንዲት ከተማ ቢያሳድዷቸው ወደ ሌላዪቱ እንዲሸሹ አዝዟል (ማቴዎስ 10፥23)። ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በዘመነ ጽጌ የምታስበውም የእመቤታችንን ስደት ነው። ሄሮድስን ቆማ አልጠበቀችውም፤ ልጇን አቅፋ ወደ ግብፅ ተሰደደች። ይህን ስደት በማኅሌት የሚያስብ ምእመን ልጇን አዝላ ከዱላ የሸሸችን ሴት ሊነቅፍ አይገባውም።

ተረት 3፦ «እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየውም፤ ታረቂና ተመለሺ»

እውነታ፦ ከሁሉ የጠነከረው መከራከሪያ ይህ ነው፤ በተለይ በቁርባን ለተጋቡ ቃል ኪዳኑ ከባድ ነው። ሆኖም ለደህንነት ተለይቶ መቀመጥና ጋብቻን ማፍረስ አንድ አይደሉም። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥10-11 ሚስት እንዳትለይ ካዘዘ በኋላ፣ ብትለይ ግን ሳታገባ እንድትኖር ወይም እንድትታረቅ ይላል፤ መለየት የሚያጋጥም መሆኑን ያውቃል። «ቤት ይፈርሳል» ለሚሉም መልሱ ቤቱን የሚያፈርሰው ዱላ ያነሣው እንጂ ከዱላ የሸሸችው አይደለችም የሚል ነው። ንስሐ ሳይኖር በአንድ ቀን የሚያልቅ ሽምግልና ዱላውን ይሸፍናል እንጂ አያስታርቅም። ስለዚህ ካህኑም ሽማግሌውም መጀመሪያ ሴቲቱን ለብቻዋ ይስሟት፤ ደህንነቷን ያረጋግጡ፤ የባልየውን ንስሐ በቃል ሳይሆን በጊዜና በምግባር ይመዝኑ።

«ገመና ለፖሊስ አይነገርም» የሚልም አይጠፋም። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ካገቡ ሴቶች 34 በመቶዎቹ ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል፤ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው እርዳታ የፈለጉት ግን ከአራት አንዷ ያህል ናቸው። ዝምታው ማንንም አላዳነም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ወንጀል አድርጓል። ሮሜ 13ም ባለሥልጣን ክፉ አድራጊን እንዲቀጣ የተሾመ የእግዚአብሔር አገልጋይ ነው ይላል። ካህን ነፍስን ይመክራል፤ ክንድን የሚይዘው ሕግ ነው።

እኅቴ ሆይ፣ ጉዳት ከደረሰብሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ የሕክምና ማስረጃሽን ያዢ፤ ለፖሊስ አመልክቺ፤ ለንስሐ አባትሽም ምንም ሳትሸፍኚ ንገሪ። ይህን ማድረግ ኃጢአት አይደለም።