ሞተሩ ሳይጠፋ ውኃ ውስጥ አትግቡ

ደብተርና እርሳሳችሁን ያዙ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሞተር ጀልባ ነው። በጣና ዳር ለምትኖሩ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ሰው በጀልባ ይመላለሳል። ጀልባው ሲቆም ደግሞ ወጣቶች ዘለው ይዋኛሉ። «የቆመ ጀልባ ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። እስቲ አብረን እንየው።

በመጀመሪያ ፕሮፔለር ምን እንደሆነ እንወቅ። ፕሮፔለር በሞተሩ ታችኛ ጫፍ ላይ፣ ውኃው ውስጥ ያለ ባለ ክንፍ ብረት ነው። ብዙውን ጊዜ 3 ክንፍ አለው። ሲሽከረከር ውኃውን ወደ ኋላ ይገፋል። ጀልባውም ወደ ፊት ይሄዳል።

አሁን ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ፕሮፔለሩ በ1 ደቂቃ 3,000 ጊዜ ይዞራል እንበል። 1 ደቂቃ 60 ሴኮንድ ነው። 3,000 ለ60 ሲካፈል 50 ነው። ክንፎቹ 3 ስለሆኑ 50 በ3 ሲባዛ 150 ይሆናል። ስለዚህ በ1 ሴኮንድ ውስጥ ብረቱ 150 ጊዜ ይመታል ማለት ነው። እጅን ለመሰብሰብ እንኳ ጊዜ አይገኝም።

ጀልባው መልሕቅ ጥሎ ቆሟል እንበል። ሞተሩ ግን አልጠፋም፤ ነጂው ከማርሽ ብቻ አውጥቶታል። ይህ አይበቃም። አንዳንዱ ሞተር ከማርሽ ወጥቶም ቢሆን ፕሮፔለሩ ቀስ እያለ ሊዞር ይችላል። አንድ ሰው ሲያልፍ የማርሹን እጀታ በክርኑ ቢነካው ደግሞ ወዲያው በኃይል ይነሣል።

የነፋሱንም ነገር ልብ በሉ። መልሕቁ የሚታሰረው ብዙውን ጊዜ ከጀልባው አፍንጫ ነው። ስለዚህ አፍንጫው ወደ ነፋሱ ይዞራል፤ ሞተሩ ያለበት ጀርባው ነፋሱ ወደሚሄድበት ይሆናል። የደከመውን ዋናተኛም ነፋሱና ማዕበሉ የሚገፉት ወደዚያው ነው። ነፋሱ አቅጣጫ ሲለውጥ ጀልባውም በገመዱ ዙሪያ ይዞራል። ቅድም ከሞተሩ ርቃችሁ ነበር፤ አሁን ግን ሞተሩ አጠገባችሁ መጥቷል። የጣና ውኃ ደግሞ ደፍራሽ ነው፤ ከታች ያለውን አያሳይም።

አንድ ቀን የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከታናሽ ወንድሜና ከጓደኞቹ ጋር በጀልባ ሄድን። ልጆቹ 6 ነበሩ። ዋኝተው ሲጠግቡ ወደ ጀልባው ወጡ። እኔም ለነጂው «ሁሉም ወጥተዋል፤ እንሂድ» አልኳቸው። ነጂው ሽማግሌ ሰው ናቸው። ቁልፉን ከኪሳቸው አላወጡም። «መምህር፣ በአፍ አይሆንም፤ እስቲ ቁጠራቸው» አሉኝ። ቆጠርኩ፤ 5 ሆኑ። ደነገጥኩ። ወንድሜ ለካ ከጀርባ ሞተሩን ይዞ እያረፈ ነው! እግሩ ከፕሮፔለሩ አጠገብ ነበር። እሳቸው ቃሌን ብቻ አምነው ቢሆን ኖሮ፣ ለእናታችን ምን ብዬ እመለስ ነበር? ቁጥር ለገበያ ብቻ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ነጂ ከሆናችሁ፣ ሰው ውኃ ሳይገባ ሞተሩን አጥፉ፤ ቁልፉንም ንቀሉ። የሚገቡትን ቁጠሩ። ሲመለሱ እንደገና ቁጠሩ። ቁጥሩ ካልገጠመ ሞተር አታስነሡ። ቁጥሩ ቢገጥምም ወደ ጀርባ ሄዳችሁ ውኃውን እዩ። ዋናተኛ ለማንሣት በፍጹም ወደ ኋላ አትንዱ፤ ፕሮፔለሩ ቀድሞ ይደርስበታልና። በቀስታ በፊት በኩል ቀርባችሁ፣ ሳትደርሱበት ሞተሩን አጥፉና ገመድ ወርውሩለት።

ዋናተኛ ከሆናችሁ፣ «ሞተሩ ጠፍቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም። ሞተሩን አትያዙ፤ በእሱም አትውጡ። ከሞተሩ ርቃችሁ በጎን በኩል ውጡ።

ድንገት አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ ሞተሩ ይጥፋ። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ፤ «ቆመ ወይ?» እያላችሁ አትግለጡት። ቡና ወይም አፈር አትነስንሱበት። የእጅ ወይም የእግር ደም እየፈለቀ እንቢ ካለ፣ ከቁስሉ በላይ በሰፊ ጨርቅ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። የታሰረበትን ሰዓት በወረቀት ጻፉ፤ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል። ከዚያ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።

አሁን እነዚህን 3 ቃላት በደብተራችሁ ላይ በትልቁ ጻፉ፦

አጥፉ። ቁጠሩ። እዩ።

ማታ ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው።