የየካቲት ውሃ ዋጋው ስንት ነው?

ሁዳዴ ሲገባ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ገበያዎች ሥጋ ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ አትክልት ተራው ይሞቃል። ድንች፣ ሽንኩርትና ጎመን ፈላጊያቸው ይበዛል። ይህን ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙዎች ያላጤኑት ግን፣ ለዚህ ገበያ ምርት የሚያደርሰው የመስኖ ውሃ ከዓመቱ ሁሉ እጅግ የሚያንሰው በዚያው ሰሞን መሆኑን ነው። ገዢው ሲበዛ ወንዙ ይጎድላል።

ጨሞጋ ምን ነካው?

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ የምሥራቅ ጎጃም የውሃ ጎተራ ነው። ጨሞጋ፣ ጀደብ፣ ሙጋ፣ ሱሃና ተምጫ ከዚያ ይነሳሉ፤ መጨረሻቸውም ዓባይ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ለደብረ ማርቆስ ቅርብ የሆነው ጨሞጋ በቁጥር የተመዘገበ ታሪክ አለው። የጂኦግራፊው ምሁር ወልደአምላክ በውቀት ከሆላንዳዊው ባልደረባቸው ጋር በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የ40 ዓመቱን የወንዙን ሒሳብ መርምረዋል።

ውጤቱ ለማንኛውም ሒሳብ አዋቂ አስደንጋጭ ነው። ከ1960 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በፌብሩዋሪ፣ ማለትም ከጥር 24 እስከ የካቲት 21 ገደማ፣ የሚጥለው ዝናብ በ55 በመቶ ሲቀንስ፣ በወንዙ የሚወርደው ውሃ ግን በ94 በመቶ ቀንሷል። በክረምቱ ወራት በዝናቡም ሆነ በፍሰቱ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። እንግዲህ ጥፋቱን ሁሉ በሰማይ ማሳበብ አያዋጣም። አጥኚዎቹ በከፊል ተጠያቂ ያደረጉት የተፈጥሮ ዕፅዋት መመንጠርን፣ የእርሻ መስፋፋትን፣ ከልክ ያለፈ ግጦሽንና የባሕር ዛፍ ተክልን ነው። የሕዝቡና የከብቱ ቁጥር ሲጨምር በበጋ ከወንዙ የሚቀዳው ውሃ መብዛቱም ታክሎበታል።

ደን ጨመረ፣ ዳርቻው ተራቆተ

36,400 ሔክታር በሚሸፍነው የጨሞጋ ተፋሰስ ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ግራ የሚያጋባ የሚመስል ነገር ያሳያል። ከ1957 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ደን በዓመት በአማካይ 11 ሔክታር ያህል ጨምሯል። በዚያው ዘመን የወንዝ ዳር ዛፎች በ79 በመቶ ተመናምነዋል። ባሕር ዛፉ በአንድ በኩል ሲተከል፣ አገር በቀሉ የወንዝ ዳር ዛፍ በሌላ በኩል ተመንጥሮ አብዛኛው ለእርሻ ውሏል ማለት ነው።

የወንዝ ዳር ዛፍ ለምን ይጠቅማል? ጥላው ውሃውን ያቀዘቅዛል፣ ሥሩ ደለሉን ይይዛል። የሚረግፈው ቅጠል የውሃ ነፍሳት ቀለብ ነው፤ ነፍሳቱ ደግሞ የዓሣ ቀለብ ናቸው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ለብዙዎቹ ነፍሳት የማይመች ምግብ ነው። ዛፉ ከወንዝ ዳር ወይም ከምንጭ ራስ ሲተከልም ጥልቅ ሥሩ ውሃውን ዓመቱን ሙሉ ይጠጣል። በበጋ ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሲሆን ዓሣው በጥቂት ውሃ ታጉሮ አየር ያጥረዋል። የእርሻ መድኃኒቱና የልብስ ማጠቢያ ሳሙናውም መጠኑ ሳይጨምር፣ ውሃው ስላነሰ ብቻ መርዛማነቱ ይከፋል።

ገበሬው ባሕር ዛፍ መትከሉ አይፈረድበትም። ማዳበሪያ አይሻም፣ ከብት አይበላውም፣ በጥቂት ዓመታት ለአጣናና ለማገር ይደርሳል፤ ተቆርጦም እንደገና ያቆጠቁጣል። ለልጅ ትምህርትና ለግብር ገንዘብ ሲያስፈልግ እንደ ባንክ ሒሳብ ነው። ችግሩ የሚተከልበት ቦታ ላይ ነው። በአጣናው ዋጋ ውስጥ የውሃው ዋጋ አልተካተተም፤ ያንን የሚከፍለው ከታች ያለው መስኖ ተጠቃሚ፣ ቀጥሎም አትክልት ነጋዴው ነው።

የጣና ትምህርት

ወንዝ ሲበላሽ ገበያው ዘግይቶ እንደሚሰማ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚያው ጎጃም ጫፍ ላይ ጣና አለ። በሐይቁ ሳይንቲስቶች 15 ያህል፣ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ የባርበስ ዓሣ ዓይነቶችን ለይተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሲገባ፣ አጥማጁ በወንዞቹ አፍ ላይ ጠበቃቸው። ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባሉት 10 ዓመታት ብዛታቸው በ75 በመቶ ገደማ አሽቆለቆለ። መጀመሪያ ላይ የተገኘው ብዙ ዓሣ ትርፍ መስሎ ነበር፤ ለካ ዋናው ካፒታል ነበር የሚበላው። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ የሚባለው ይህ ነው።

በዓለም ደረጃም ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የወጣ ሰፊ ጥናት፣ ከተመረመሩት የወንዝና የሐይቅ እንስሳት 24 በመቶው የመጥፋት ሥጋት እንደተደቀነባቸው ገልጿል።

ምን ይደረግ?

ሕጉ አለ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ ዳርቻዎች እንዲከለሉና በክልሉ ውስጥ ዛፍ መቁረጥ እንዲከለከል ለማድረግ ሥልጣን ይሰጣል። አዋጁ ግን ወንዝ ዳር ወርዶ አይቆምም።

የገዢው እጅ ከዚህ የረዘመ ነው። አጣና በብዛት የሚያነሳ ነጋዴ፣ ዛፉ ከገደላማና ከተራቆተ መሬት ወይስ ከምንጭ ራስ እንደተቆረጠ ደላላውን መጠየቅ ይችላል። በጮቄ ደጋ የሚበቅለው ቀርከሃ ለወንዝ ዳር የሚስማማ፣ አፈር የሚይዝ፣ ገበያም ያለው ተክል ነው። በመስኖ አትክልት ገንዘቡን ለማፍሰስ የሚያስብም የውሃ ፓምፕ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ወንዙን በየካቲት ወርዶ ይየው። በመስከረም የታየ ወንዝ ሁሉንም ያጠግባል፤ ብድር የሚመልሰው ግን የየካቲቱ ውሃ ነው።